ከአዲስ አበባ እስከ አገው ምድር፤ አውሮፕላን ለመቀበል የተደረገ ጉዞ

አገው ምድርን ያላያችሁ፣ ምናልባትም የማታዩ ብዙዎች ናችሁ፤ የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራል። እኛ ሠፈር ሰው ዳንግላ የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ በእጁ ወደ ሰሜን ያሳይና ወሬ ይለውጣል። እኔም እስከዚህ የካቲት ድረስ ከዚያ የበለጠ አላውቅም ነበር። አሁን ስድስት ቀን ተጉዤ ተመልሻለሁ። በየቀኑ ከያዝኩት ደብተር ላይ፣ ያላየሁትን ሳልጨምር፣ ያሳፈረኝንም ሳልደብቅ አውጥቼዋለሁ።

የጉዞው ምክንያት ታመነ ነው። ታመነ በአዲስ አበባው ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነው። አባቱ አቶ ጥሩነህ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለች አንዲት አጥቢያ ጭቃ ሹም ናቸው። የዕረፍቱ ሳምንት ሲቃረብ ከአባቱ ደብዳቤ መጣለት። «አውሮፕላኑ ሐሙስ ጧት ይመጣል። ከአየር መንገዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ልከውልናል። አንተ ብታነበው ልጁ ነው፣ ለአባቱ እንዲመች አድርጎ ነው ያነበበው ይሉኛል። ስለዚህ የሌላ አገር ሰው የሆነ አንባቢ ይዘህ ና» ይላል። የሌላ አገር ሰው ሆኜ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ ስንነሣ እናቴ ከናዝሬት የላከችውን አንድ ዘንቢል ብርቱካን ይዤ ነበር። ወደ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ለታመነ ቤተሰብ የተላከ ነው። ዘንቢሉን ከአጠገቤ ባለው መቀመጫ ላይ አስቀምጬ፣ ከመስኮቱ ውጭ የሰላሌን ሜዳ ሳይ፣ ፍቼ ላይ የተሳፈሩ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሳያዩ ተቀመጡበት።

«ውይ! ምን ላይ ነው የተቀመጥኩት?» አሉና ብድግ አሉ። የቀሚሳቸው ጀርባ ርሷል።

«ብርቱካን ነው እማማ፤ ይቅርታ» አልኩ።

«እኔ ቀጥቅጬው ይቅርታ የምትለው አንተ ነህ? ማን ይሆን እንዲህ ያሳደገህ?» ብለው ሳቁ። ከዚያም ከጓዛቸው ዳቦ አውጥተው ለሁለታችን ቆረሱልን። ከዘንቢሉ ሰባት ብርቱካን ብቻ ደኅና ተገኘ። የቀረውን በአውቶቡሱ ውስጥ አደልን። የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ እንደኛ ናዝሬት ስለሆነ የተጨፈለቀውም ቢሆን የሚመልሰው አልነበረም። ሹፌሩ ሳይቀር እየመጠጠ፣ «ሴትዮ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሎሚ ላይ እንዳይቀመጡ» አላቸው።

ባቡር ለለመደ ሰው ዓባይ በረሃ የሚያስፈራ ነው። ባቡር መንገዱን ያውቃል፤ አውቶቡስ ግን በየመታጠፊያው የሚያስብ ይመስላል። ማታ ደብረ ማርቆስ ደረስን። ያደርንበት ቤት አልጋው ንጹሕ፣ ባለቤቲቱ ደግሞ ደግ ነበረች። የምሄድበትን ስትሰማ ኮቴን ዳሰሰችና፣ «ይኸ ለእንጅባራ ብርድ ሸሚዝ ማለት ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ

እውነቷን ነው። ቡሬን አልፈን እንጅባራ ስንወርድ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። እኛ ዘንድ በየካቲት ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ እዚያ ግን ሰው ሁሉ ወፍራም ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ቆሟል። አገሩ ከፍ ያለ ነው። ጥድና ኮሶ ይበዛበታል። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ቢጫ ሆኗል፤ በየዝቅታው ያለው ረግረግ ብቻ አረንጓዴ ነው። ገበሬዎቹ እርስ በርሳቸው በአዊኛ ይነጋገራሉ፤ እኔን ሲያዩ ወዲያው ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ይህን ያደረጉት ማንም ሳይጠይቃቸው ነው።

ከእንጅባራ ወደ አጥቢያዋ የሚኬደው በፈረስ ነው። ፈረስ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ግን አልችልም ማለት አሳፈረኝና ዝም ብዬ ወጣሁ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ፈረሱ ትንሽ ቦይ ሲዘል እኔ ቦዩ ውስጥ ቀረሁ። በዚያው ሰዓት ከፊት ለፊታችን ስምንት ያህል ፈረሰኞች መጡ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ጢማቸው ነጭ፣ ፈረሳቸው ጥቁር ነበር። ታመነ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ይህ ከቦዩ የወጣው የማን ልጅ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«የናዝሬት ሰው ነው ጋሼ ውብነህ። ወረቀቱን ሊያነብ የመጣ ነው።»

«ናዝሬት ፈረስ የለም እንዴ?»

«ባቡር አለ ጌታዬ» አልኩ፣ ከልብሴ ጭቃ እያራገፍኩ።

«ባቡርስ ይጥላል?»

«አይጥልም።»

«እንግዲያ ባቡርህን ይዘህ መምጣት ነበረብህ» አሉና ፈረሰኞቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ወደ ታመነ ዞሩ። «ለአባትህ ንገረው። ከብቶቼ ሐሙስን እየጠበቁ ነው። ዓርብ ጧት ሜዳዬ ላይ ናቸው» ብለው አለፉ። ሲያልፉ ግን አንደኛው ፈረሰኛ ወርዶ፣ እኔን መልሶ ኮርቻ ላይ አስቀምጦ፣ እርካቡን ለእግሬ አስተካክሎልኝ ሄደ።

ነገሩን የተረዳሁት ማታ በእነ ታመነ ቤት፣ የገብስ እንጀራና በቅቤ የተሠራ ድንች ወጥ ስንበላ ነው። አቶ ጥሩነህ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከሁለት ክረምት በፊት የወንድማቸው ሚስት ምጥ ጠንቶባት፣ መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ በቃሬዛ ሦስት ቀን ተጉዛለች። እሷ ተርፋለች፤ ልጁ አልተረፈም። ከዚያ በኋላ አቶ ጥሩነህ በሸንጎ ተነሥተው፣ የአጥቢያዋ የወል ግጦሽ የሆነው ሜዳ ለአውሮፕላን ማረፊያ ይሁን ብለው ለመኑ። ሁሉም ከብት አለውና ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ እስከ ዘንድሮ ቅበላ ድረስ ብለው ሰጧቸው። ሰዉ ራሱ ቁጥቋጦ ነቀለ፣ ድንጋይ ለቀመ፣ ጉድጓድ ሞላ። አቶ ጥሩነህ ደግሞ በምትኩ የራሳቸውን የወንዝ ዳር መስክ ለሰው ከብት ከፈቱ። ከብቱ በጣም የሚበዛው ግራዝማች ውብነህ፣ ማለት መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሽማግሌ፣ እስከ መጨረሻው የተቃወሙ ናቸው።

«እና ካላረፈ?» አልኩ።

«ካላረፈ ሜዳው የከብት ነው» አሉ አቶ ጥሩነህ። «እኔም ሁለተኛ በሸንጎ አፌን አልከፍትም ብዬ በሰው ፊት ምያለሁ።»

ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ ከጎን ሆነው፣ «መማልህን ማን ጠየቀህ?» አሉ። «ውብነህ እንኳ አልጠየቀህም!»

«ሌላም ነገር ብዬአለሁ» አሉ አቶ ጥሩነህ፣ ሳቅ እያሉ። «ውብነህ፣ ለፈረንጅ መጫወቻ ሜዳ አንሰጥም ሲለኝ፣ የሚነዳው የኛው ሰው ነው አልኩት። ዳንግላ ላይ ከአንድ ነጋዴ የሰማሁት ነው እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ልጄ፣ አንተ አዲስ አበባ ነህ፤ እውነት ጥቁር ሰው ይነዳል?»

ይነዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አይቼ ግን አላውቅም። ሽማግሌውን ለማስደሰት አዎን ልላቸው ፈልጌ፣ «ይባላል» ብቻ አልኩ።

እማማ ዘውዴ ሰባቱን ብርቱካን ለሰባት ጎረቤት ቤት ላኩ። ለእኔም የራሳቸውን ጋቢ ደርበውልኝ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጧት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ሜዳው ዳር ባለ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ግራዝማች ውብነህ ከፊት ተቀመጡ። ወረቀቱን እየተረጎምኩ አነበብኩ። ትእዛዙ አራት ነው፦ በማረፊያው ግራና ቀኝ ነጭ የተቀቡ ድንጋዮች ይደርደሩ፤ ከብት አይግባ፤ የነፋሱ አቅጣጫ እንዲታወቅ በአንዱ ጫፍ ጭስ ይጪስ፤ ሰው ከሜዳው ይራቅ። መጨረሻው ላይ ግን ነጂው ሜዳው አይመችም ካለ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ሁለተኛም አይታይም ይላል። እዚያ ስደርስ ድምፄ አነሰ።

«ጮክ በል!» አሉ ግራዝማች።

ጮክ ብዬ ደገምኩት። እሳቸውም፣ «ይህ ልጅ ታማኝ ነው። የሚያስከፋውንም አነበበ» አሉ። አቶ ጥሩነህ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኖራ በአገሩ ስለሌለ ሴቶቹ የቤት ግድግዳ የሚለቀልቁበትን ነጭ አፈር በእንስራ በጥብጠው አመጡ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስንደረድርና ስንቀባ ዋልን። የጾም ቀን ስለነበር ምሳችን ሽሮና ጎመን ነበር፤ ከእናቴ ሽሮ ይልቅ በርበሬው ያነሰ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የበዛ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱ ነጭ መስመሮች በቡናማው ሜዳ ላይ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ብለው ሄዱ። አገሬን ያየሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ግራዝማች በጥቁር ፈረሳቸው መጡ። በዚያ አገር መሬት የሚፈተነው በግልቢያ ነው። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ሁሉ የፈረስ ጉግስ የተጫወቱ ሰው ስለሆኑ፣ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ሦስት ጊዜ በሙሉ ኃይል ጋለቡት። ከዚያ ወርደው የኮቴውን ምልክት በጣታቸው ለኩ።

«አልሰመጠም» አሉ ለአቶ ጥሩነህ። «መሬቱ መሬት ነው። ይመጣል ያልከው ነገር ነው እኔ የማላምነው።»

ሐሙስ

ጎሕ ሲቀድ ከውጭ በሴቶች ዘፈን ነቃሁ። ወጥቼ ሳይ፣ እማማ ዘውዴና ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ከረግረጉ የታጨደ ቄጠማ ተሸክመው ወደ ሜዳው ይሄዳሉ። እንግዳ የሚመጣበት ደጅ ያለ ቄጠማ አይሆንም። ይህ በኛም ቤት ያለ ደንብ ነው፤ ነገር ግን እኛ የምንጎዘጉዘው አንድ ክፍል ነው፣ እነሱ የጎዘጎዙት ግን የአውሮፕላን ሜዳ ነው። ጤዛ ያዘለው ሣር እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም። እኔም ሁለት ትልልቅ ሸክም ተሸክሜ አገዝኩ። እማማ ዘውዴ «ተባረክ» ሲሉኝ ሦስተኛ ጨመርኩ።

ነጩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት፣ «ይኸን ምን እናድርገው? በእንግዳ ፊት የተገተረ ድንጋይ ያሳፍራል» አለች።

«ልጁ ያነበበው ወረቀት ይደርደር ነው ያለው፤ ማንሣት አይሆንም» አሉ እማማ ዘውዴ። «ማልበስ ግን አልተከለከለም። አልተከለከለም አይደል ልጄ?»

አልተከለከለም አልኩ። ወረቀቱ ላይ በእርግጥ አልተከለከለም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በቄጠማ አለበስናቸው።

ፀሐይ ከፍ ስትል የአገሩ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ በሜዳው ዙሪያ ቆሞ ነበር። ግራዝማች ከነፈረሰኞቻቸው በላይኛው ዳር ተሰልፈዋል፤ ሊመርቁ ሳይሆን ሊያዩ። እኔና ታመነ በታችኛው ጫፍ እሳት አንድደን እርጥብ ቅጠል ጨመርንበት። ጭሱ ወደ ዳንግላ አቅጣጫ ተጋደመ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ ተሰማ። ከዚያ አንድ ትንሽ፣ ብርማ አውሮፕላን ከእንጅባራ ተራሮች በላይ ብቅ አለ። ሕዝቡ እልል አለ።

አውሮፕላኑ አንዴ ዞረ። ሁለተኛ ጊዜ ዞረ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከጭሳችን በላይ አልፎ፣ ሜዳውን ተሻግሮ ረግረጉ ላይ ደረሰና ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

«ምነው? ምን ሆነ?» አለ ታመነ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከጭሱ አጠገብ ትንሽ ጉብታ አለ፤ ሮጬ ወጣሁበትና ሜዳውን ከላይ አየሁት። ማረፊያው አረንጓዴ ነው። ከጎኑ ያለው ረግረግም አረንጓዴ ነው። የቱ መሬት፣ የቱ ውኃ እንደሆነ አይለይም። ነጩ መስመር የለም። ትናንት እንደ ሐዲድ ያየሁትን በገዛ እጄ ሸፍኜዋለሁ።

እየሮጥኩ ወደ አቶ ጥሩነህ ሄድኩ። ዋርካው ሥር፣ ፈረሳቸው ላይ ካሉት ግራዝማች አጠገብ ነበሩ። ትንፋሽ አጥሮኝ፣ «ሣሩ ነው! ድንጋዩ አይታየውም! ሁሉንም ረግረግ ነው የሚያስበው!» አልኩ። አቶ ጥሩነህ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ሚስታቸውን ፈለጉ፤ እማማ ዘውዴ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሣሩን ለማንሣት ጊዜ አልነበረም። አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ፊቱን ወደ መጣበት ያዞር ጀመር።

ግራዝማች ውብነህ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሊመለስ ነው?» አሉ።

«ሊመለስ ነው» አሉ አቶ ጥሩነህ።

«ከደጃችን? እንግዳ? ሳይገባ?» ወዲያው በእርካባቸው ላይ ቆሙ። ለፈረሰኞቹ በአዊኛ አንድ ነገር ጮኹ። ቃሉን አላወቅሁትም፣ ግን ያደረጉትን አይቻለሁ። ስድሳ የሚሆኑ ፈረሰኞች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ በሜዳው ቀኝ፣ ግማሹ በግራ፣ ሣር የለበሰውን ድንጋይ ተከትለው ጋለቡ። ከዚያ በየሃያ እርምጃው እየቆሙ ነጭ ጋቢያቸውን እንደ ክንፍ ዘረጉ። ሽማግሌው በመስመሩ ራስ ላይ፣ ለአውሮፕላኑ በጣም ቅርብ በሆነው ቦታ ቆሙ።

አውሮፕላኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ወደ ሜዳው ቀጥ አለ። ዝቅ፣ ዝቅ አለ። ድምፁ ሲያይል ፈረሶቹ ይቆማሉ ብዬ አላሰብኩም፤ ሆኖም የጦር ጩኸት የለመዱ ናቸውና ቆሙ። አንድ ነጭ ፈረስ ብቻ ጌታውን ጥሎ ሸሸ፤ የወደቀው ሰው ግን ጋቢውን እንደዘረጋ በእግሩ ቆመ። ጎማዎቹ መሬት ነኩ። ቄጠማው እንደ ውኃ ተረጨ። አውሮፕላኑ በእርጥቡ ሣር ላይ ከሚገባው በላይ ተንሸራትቶ፣ እሳታችን ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

በሩ ተከፍቶ አንድ ረዘም ያለ፣ የጠቆረ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው የሚመስል ሰው ወረደ። እማማ ዘውዴ ቀድመው ደረሱ። ከትከሻው በላይ ወደ ውስጥ እያዩ፣ «እንኳን ደኅና መጣህ ልጄ። ነጂው የታሉ?» አሉት።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አንተ ረዳታቸው ነህ፤ ነጂው ነው ያልኩህ።»

«ሌላ ሰው የለም። ብቻዬን ነኝ። ጌታነህ እባላለሁ፤ የወሊሶ ልጅ ነኝ።»

እማማ ዘውዴ ዞሩና ባላቸውን፣ «ጥሩነህ! የኛው ነው! የኛው ሰው ነው!» ብለው በጩኸት ጠሩ። እልልታው ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ነበር። ግራዝማች ከፈረሳቸው ወርደው የነጂውን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና ጉንጩን ሳሙት።

ካፒቴን ጌታነህ እጅግ ትሑት ሰው ነው። እርጎና ማር ቀርቦለት ቆሞ እየበላ፣ ለአቶ ጥሩነህ እውነቱን ነገራቸው። «አባቴ፣ አሁን ያሳረፉኝ ፈረሶቹ ናቸው። ሜዳው አይደለም። በወረቀቴ ላይ ጥሩ ነው ብዬ መጻፍ የምችለው፣ ድንጋዩን ብቻ አይቼ ሁለተኛ ካረፍኩ ነው።»

«ታርፋለህ» አሉ አቶ ጥሩነህ። ወደ ሕዝቡ ዞረው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እማማ ዘውዴ ቀደሟቸው።

«ጥረጉ!» አሉ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሁላችሁም ጥረጉ!»

ሁሉም ጠረገ። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ፈረሰኛው፣ እኔም። ግራዝማች ውብነህ ቄጠማ ታቅፈው ሲያልፉ፣ «የከብት ቀለብ ነው፤ ለኔ ነው የታጨደው» ብለው ቀለዱ። ነጮቹ ድንጋዮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

ሜዳው ሲጠራ ካፒቴኑ፣ «ባዶ መቀመጫ አለ። አብሮኝ የሚወጣ ማነው?» አለ። ስድሳ ጀግና ፈረሰኛ መሬት መሬቱን አየ። አቶ ጥሩነህ አንድ እርምጃ ሲራመዱ እማማ ዘውዴ ክንዳቸውን ያዙ።

«አንተ ሜዳውን ሠርተሃል። የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ምን እንዳደረግሁ ማየት አለብኝ» አሉና መቀነታቸውን አጥብቀው ገቡ።

አውሮፕላኑ ሲነሣ አቶ ጥሩነህ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዳንግላ በኩል ዞሮ፣ ከሩቅ ዝቅ ብሎ መጣ። ፈረሰኞቹ በትእዛዝ ከሜዳው ርቀዋል። በሁለቱ ነጭ መስመሮች መካከል፣ በደረቁ ቡናማ መሬት ላይ፣ አንዴ እንኳ ሳይነጥር አረፈና እኩሌታው ላይ ቆመ። እማማ ዘውዴ ሲወርዱ ሁሉም ምን አዩ እያለ ከበባቸው።

«ድንጋዩን አየሁት» አሉ። «ከዚያ ላይ ከሁሉ የሚያምረው ድንጋዩ ነው። ከእንግዲህ ሣር ይዞ ወደዚህ ሜዳ የሚመጣ ከኔ ጋር ነው የሚጣላው።»

ካፒቴን ጌታነህ ወረቀቱን በክንፉ ላይ ዘርግቶ መሙላት ጀመረ። «የሜዳው ባለቤት የሚል ቦታ አለ። ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀ።

ግራዝማች ውብነህ፣ «ጥሩነህን ጻፈው» አሉ።

«የኔ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ያንተም ነው» አሉ አቶ ጥሩነህ።

ካፒቴኑ ብዕሩን አነሣና ሁላችንንም አየ። «እኔን መጀመሪያ የአውሮፕላን መሪ ያስያዙኝ ከአሜሪካ የመጡ ጥቁር ሰው ነበሩ» አለ። «በአገራቸው ጥቁር ስለሆኑ ነጮቹ በሜዳቸው አናሳርፍም አሏቸው። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ባዶ መሬት ፈልገው፣ ዛፉን ነቅለው፣ ድንጋዩን ለቅመው የራሳቸውን ሜዳ ሠሩ። ከዚያ ሜዳ የተነሡ ሰው ናቸው ወደ እኛ መጥተው ያስተማሩን። በብዙ ሜዳ አርፌአለሁ። ገበሬ በገዛ እጁ ጠርጎ የራሴ ነው ባለው ሜዳ ሳርፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እኚያ አስተማሪዬ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።»

«ይኸው በቃ፣ የአጥቢያው ሰው በል» አሉ ግራዝማች። «ሁላችንም እንፈርማለን።»

መጻፍ የሚችለው ጥቂት ስለነበር ሰዉ በአውራ ጣቱ ፈረመ። ቀለሙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ሞልቶ በጀርባውም ተፈረመበት። እማማ ዘውዴ ሲፈርሙ፣ «እኔ ከላይ ስላየሁት ሁለቴ ልፈርም?» ብለው ሁለቴ ፈረሙ። ከቀትር በፊት አውሮፕላኑ ከነወረቀቱ ሄደ። ግራዝማች ውብነህ ከአገሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ጥሩነህ፣ በሚቀጥለው ሸንጎ ቀድመህ ተናገር። እኔ እሰማለሁ» አሏቸው። አቶ ጥሩነህ ይህን ሲሰሙ ዋርካውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ዓርብ

ጧት ልንነሣ ስንል ግራዝማች የራሳቸውን ጥቁር ፈረስ ላኩልኝ። «‹ከነገ ጀምሮ የናዝሬት ልጅ ከፈረስ ወደቀ የሚል ካለ እኔን ይጠይቅ› ብለዋል» አለኝ ፈረሱን ያመጣው ልጅ። ፈረሱ ከኔ ይልቅ አዋቂ ስለነበር እስከ እንጅባራ ሳልወድቅ ደረስኩ። እማማ ዘውዴ ለእናቴ አንድ ቅል ማር ሰጥተውኛል። ይህንን በመቀመጫ ላይ አላስቀመጥኩም።

በአውቶቡሱ ውስጥ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። ወደ ቡሬ የሚሄዱ፣ ጃንጥላ የያዙ አንድ አዛውንት ከፊቴ ተቀምጠው ለጎረቤታቸው ያስረዳሉ። «አረፈ ነው የሚሉት። ያሳረፈው ግን ፈረንጅ ነው፤ የኛ ሰው ያንን አይችልም። እሱ የታየው ጥቁር ሰው ጓዝ ያዡ ነው።»

እኔ አባቴ እንዳሳደገኝ ትልቅ ሰው ተቃውሜ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ብድግ አልኩ።

«ይቅርታ አባቴ። እንደዚያ አይደለም» አልኩ። «እዚያው ነበርኩ። ብቻውን ነው የመጣው። ሁለት ጊዜ ሲያርፍ አይቻለሁ። ቀለሙ እንደኔ፣ እንደ እርስዎ ነው። ስሙ ጌታነህ ነው፤ የወሊሶ ልጅ ነው።»

አዛውንቱ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አሰቡ። ተሳደብኩ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስንት ሰው ይጭናል?» አሉኝ።